የጨዋታ ደራሲ፦ በሳጥን ላይ የሰፈረ ስም እንዴት እንጀራ ሆነ

ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን እየዘራ ጉድጓዱን ሲዞር ጨዋታውን ማን እንደፈጠረው አይጠይቅም። ዳማና ቼስም እንዲሁ ናቸው፤ ሕጋቸው ከታላቅ ለታናሽ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት ሲተላለፍ የኖረ፣ ደራሲያቸው የማይታወቅ የጋራ ሀብቶች ናቸው። ዛሬ ግን በርሊን ወይም ኒው ዮርክ ውስጥ ወደ አንድ የጨዋታ መደብር የገባ ሰው፣ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ የደራሲን ስም እንደሚያነብ ሁሉ፣ በየሳጥኑ ላይ የፈጣሪውን ስም ያነባል። ገዥው በዚያ ስም ይመርጣል፤ አሳታሚው ከዚያ ስም ባለቤት ጋር ይዋዋላል፤ ፈጣሪውም ከሽያጩ በሚደርሰው ድርሻ ቤቱን ያስተዳድራል። የጠረጴዛ ጨዋታ መፍጠር እንደ ድርሰት፣ እንደ ሥዕልና እንደ ሙዚቃ ራሱን የቻለ የፈጠራ ሙያ ሆኗል።

ይህ ታሪክ ለብዙ አንባቢ የሚታወቀው በቁራጭ በቁራጩ ነው። ሞኖፖሊን የሚያውቅ አለ፤ ስክራብልን የሚያውቅ አለ፤ ካታን የሚባል የጀርመን ጨዋታ ዓለምን እንዳዳረሰ የሰማም አለ። ቁራጮቹን የሚያያይዘው ክር ግን ብዙም ሲነገር አይሰማም። የተለመደው ማብራሪያ ሙያውን የርካሽ ኅትመት፣ የከተሜው ትርፍ ጊዜ ወይም የጥቂት ሊቆች ብልሃት ውጤት ያደርገዋል። ሦስቱም ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን አይበቁም። ሦስቱም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነበሩ፤ ሙያው ግን አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ ጨዋታ መፍጠር እንጀራ የሆነው የፈጣሪው ስም በሳጥኑ ላይ ሲሰፍርና ለዚያ ስም ምስክር ሆኖ የሚቆም ወገን ሲገኝ ነው። ስም ብቻውን አልበቃም፤ ምስክር የሌለው ስም ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ታሪኩ ራሱ ያሳያል። (ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንት እስከ 1860፦ ጨዋታ እንጂ ፈጣሪ ያልታወቀበት ዘመን

በ1920ዎቹ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሌናርድ ዉሊ በደቡብ ኢራቅ የኡርን የነገሥታት መቃብር ሲቆፍር 4,600 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የጨዋታ ሰሌዳዎች አገኘ። ሰሌዳው በዛጎልና በከበረ ድንጋይ ያጌጠ ነው፤ አጨዋወቱ ግን ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ። አጨዋወቱ የታወቀው፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሊቅ ኧርቪንግ ፊንክል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ177 የተጻፈ የባቢሎን የሸክላ ጽላት ካነበበ በኋላ ነው። በጽላቱ ላይ የጸሐፊው ስም ሰፍሯል፤ ኢቲ-ማርዱክ-ባላጡ ይባላል። ነገሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሕጉን በሸክላ ላይ ያሰፈረው ሰው ስሙ እስከ ዛሬ ደርሶናል፤ ጽላቱ ከመጻፉ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ስም ግን ከትውስታ ጠፍቷል።

በእኛም አገር ነገሩ ያው ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ በየአካባቢው የጉድጓዱ ቁጥር፣ የአዘራሩ አቅጣጫና የአበላሉ ሕግ ይለያያል። ሰንጠረዥም ከሌላው ዓለም ቼስ የሚለይበት ወረራ የሚባል አከፋፈት ነበረው፤ የመጀመሪያው ተዋጊ እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ዓይነቱ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። በአንድ ወቅት አንድ ሰው አስቦታል፤ ሌሎች ሞክረውታል፤ የሚስማማውን አስቀርተው የማይስማማውን ጥለዋል። ዛሬ የጨዋታ ፈጣሪ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ሥራው ጥንትም ነበር፤ ያልነበረው ሠሪውን የሚያስታውስ መዝገብ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ የሰዎች ውለታ ቢስነት አልነበረም። ገበጣ ለመጫወት መሬት መቆፈርና ጠጠር መልቀም ይበቃል፤ ሕጉም በአፍ ይነገራል። የሚሸጥ ዕቃ በሌለበት ገዥ የለም፤ ገዥ በሌለበትም የፈጣሪ ድርሻ የሚባል ነገር ሊነሣ አይችልም። የጋራ ባለቤትነት ጨዋታውን አልጎዳውም፤ እንዲያውም ሺህ ዓመት እንዲኖር ያደረገው እርሱ ነው። ጥያቄው የተለወጠው ጨዋታ በሳጥን ተከቶ ዋጋ ሲወጣለት ነው።

ከ1860 እስከ 1940፦ የአታሚዎቹ ዘመን

ሚልተን ብራድሊ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የሊቶግራፍ አታሚ ነበር። በ1860 የአብርሃም ሊንከንን ምስል አትሞ በብዛት ሲሸጥ ሊንከን ጢሙን አሳደገ፤ ጢም የሌለበትን ምስል የሚፈልግ ጠፋ፤ ንግዱም ወደቀ። ብራድሊ ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ በዚያው ዓመት የሰውን ልጅ ሕይወት በሰሌዳ ላይ የሚያስኬድ ጨዋታ አተመ፤ በመጀመሪያው ዓመትም ከ40,000 ቅጂ በላይ ተሸጠለት። ዳይስ ከቁማር ጋር ስለሚያያዝ በምትኩ የምትሽከረከር ቁጥር ያላት እንዝርት ተጠቀመ፤ በዚህም ጨዋታውን ጨዋ ቤተሰብ ሳያፍር የሚያስገባው ዕቃ አደረገው። በ1883 ደግሞ ጆርጅ ፓርከር የተባለ የ16 ዓመት ልጅ በባንክ ንግድ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ አሳትሞ ሸጠ፤ ከዚህም ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ተወለደ። ሁለቱ ሰዎች ፈጣሪም ነጋዴም ነበሩ፤ ያተረፉት ግን በነጋዴነታቸው ነው። በሳጥኑ ላይ የሚታየው የማተሚያ ቤቱ ስም ሆነ። ማተሚያ ማሽን የሌለው ፈጣሪ ሐሳቡን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሣ የለም።

የዚህን ሥርዓት ጉዳት ከሊዚ ማጊ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። በ1866 ኢሊኖይ ውስጥ የተወለደችው ማጊ በአጭር ጽሕፈት ሙያ የምትተዳደር፣ የሄንሪ ጆርጅ የኢኮኖሚ ትምህርት ተከታይ ነበረች። ጆርጅ ከመሬት የሚገኝ ኪራይ የጥቂቶች ሀብት መሆኑ የድህነት ምንጭ ነውና በግብር ለሕዝብ ይመለስ ብሎ ያስተምር ነበር። ማጊ ይህን ትምህርት በንግግር ከማስረዳት ይልቅ ሰዎች ራሳቸው እየተጫወቱ እንዲደርሱበት ፈለገች። በጥር 1904 የአሜሪካ መንግሥት “የባለርስቱ ጨዋታ” ለተባለው ሰሌዳዋ ፓተንት ሰጣት። ተጫዋቹ በአራት ማዕዘን ሰሌዳ ዙሪያ ይዞራል፤ ቦታ ይገዛል፤ ሌላው ሲያርፍበት ኪራይ ያስከፍላል፤ እስር ቤትም ይገባል። በኋላ ሁለት ዓይነት ሕግ አበጀችለት፤ በአንደኛው ሀብት ሲፈጠር ሁሉም ይጠቀማል፤ በሌላው አንዱ ሁሉን ጠቅልሎ ሌሎቹን ያከስራል። አንድ ሰሌዳ ሁለት ሥርዓት ተሸክሞ ተጫዋቹ እንዲያወዳድር ማድረግ የዘመኑ ታላቅ የፈጠራ ሥራ ነበር።

ጨዋታው በዩኒቨርሲቲዎችና በወዳጅ ቤቶች በእጅ እየተገለበጠ ተሰራጨ። የአትላንቲክ ሲቲ ኩዌከሮች የከተማቸውን የመንገድ ስሞች ጻፉበት። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ያጣው ቻርልስ ዳሮው ከወዳጆቹ ተማረው፤ ወዳጆቹ ሲገለብጡ የተሳሳቱትን የአንድ ሰፈር ስም አጻጻፍ እንኳ ሳይቀር እንዳለ ወስዶ የራሴ ፈጠራ ነው ብሎ በ1935 ለፓርከር ብራዘርስ ሸጠው። ሞኖፖሊ በዚህ መንገድ ወጣ። ዳሮው ሚሊየነር ሆነ፤ የፈጠራ ታሪኩም በየሳጥኑ ተነገረ። ኩባንያው የማጊን ፓተንት በዚያው ዓመት በ500 ዶላር ገዛ፤ ከሽያጩ የሚታሰብ ድርሻ አልነበረውም። በ1940 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ማጊ ሙያዋን “ጨዋታ ሠሪ” ብላ አስመዘገበች፤ በገቢው ዓምድ ላይ የተጻፈው ቁጥር 0 ነበር። በ1948 አረፈች።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ሞኖፖሊ የብዙ ሰው እጅ ያረፈበት ስለሆነ ለአንድ ሰው መስጠት አይገባም የሚል ነው። እውነት ነው፤ የአትላንቲክ ሲቲ ተጫዋቾች ያሻሻሉት ነገር አለ። ነገር ግን ብዙ እጅ መኖሩ የመጀመሪያዋን ፈጣሪ ለመርሳት ምክንያት ከሆነ፣ አንዱን ዳሮውን ለማክበር ደግሞ እንዴት ምክንያት ሊሆን ይችላል? ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ስም ሙያን ከወለደ፣ የዳሮው ስም እኮ ታውቋል የሚል ነው። መልሱ፣ ያ ስም ምስክር አልነበረውም። ጨዋታዎችን በሙያ የሚመረምር ተቺ፣ ማን ምን እንደሠራ የሚያውቅ የባለሙያዎች ማኅበር አልነበረም፤ ኩባንያው የተናገረው ሁሉ እንደ እውነት ተቀመጠ። እውነቱ የወጣው በ1970ዎቹ የኢኮኖሚክስ መምህሩ ራልፍ አንስፓክ “ፀረ ሞኖፖሊ” የተባለ ጨዋታ ሠርቶ በተከሰሰ ጊዜ ራሱን ለመከላከል የድሮ ፓተንቶችን ሲያገላብጥ ነው። ማጊ ምስክር ያገኘችው ከሞተች ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ነበር።

ከ1948 እስከ 1985፦ ስሙ ብቅ ያለበት፣ እንጀራው ገና የነበረበት ጊዜ

አልፍሬድ በትስ በድቀቱ ዘመን ሥራ ያጣ አርክቴክት ነበር። ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ፤ በዚያም መሠረት ለፊደላት ብዛትና ነጥብ ሰጥቶ የቃላት ጨዋታ ሠራ። አሳታሚዎች በተደጋጋሚ መለሱት። በ1948 ጄምስ ብሩኖት መብቱን ተቀብሎ ስክራብል ብሎ አወጣው፤ ከ1952 ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጠ። በትስ ከማጊ የተሻለ ውል ነበረው፤ ከእያንዳንዱ ሳጥን ጥቂት ሳንቲም ይደርሰው ነበር። ቢሆንም ሙያው አርክቴክትነት ሆኖ ቀረ። ትልቅ ትርጉም ያለው እርምጃ ይህ የሳንቲም ድርሻ ነው፤ ፈጣሪ አንድ ጊዜ ተከፍሎት የሚሰናበት መሆኑ ቀርቶ ሥራው በተሸጠ ቁጥር የሚታሰብለት መሆን ጀመረ። የጎደለው፣ የአንዱ ጨዋታ ስኬት ለሚቀጥለው ጨዋታ በር የሚከፍትበት መንገድ ነው።

ያንን መንገድ ከጠረጉት አንዱ የብሮንክሱ መሐንዲስ ሲድ ሳክሰን ነው። በ1962 የማጣበቂያ ቴፕ አምራቹ 3ኤም እንደ መጽሐፍ በመደርደሪያ የሚቆሙ የአዋቂ ጨዋታዎችን ማውጣት ሲጀምር፣ የሳክሰን “አክዋየር” ከነዚያ መካከል ታዋቂ ሆነ። ከዚያ የሚበልጠው ግን በ1969 ያሳተመው የጨዋታዎች ስብስብ መጽሐፉ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የራሱን ብቻ ሳይሆን የወዳጆቹን ጨዋታዎች ከነፈጣሪዎቻቸው ስም አቀረበ፤ ማን ከየት ተነሥቶ ምን እንዳሰበ ተናገረ። ፈጣሪ ለፈጣሪ ምስክር የሆነበት ጊዜ ነው። ሳክሰን 18,000 ገደማ ጨዋታ ሰበሰበ፤ ለዓመታት የያዘው የሥራ ማስታወሻም ዛሬ በአሜሪካ ሮቼስተር በሚገኘው የጨዋታ ሙዚየም ተጠብቋል። በ1970 የመሐንዲስነት ሥራውን ትቶ ጨዋታ መፍጠርን ሙሉ ሙያው አደረገ። ሙያው ሲጀመር ምን እንደሚያስፈልገው ከዚህ ይታያል፤ አሳታሚ፣ መዝገብና የሥራ ባልደረባን የሚያከብር ልብ።

በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን “ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ”ን በ1,000 ቅጂ አወጡ። ጋይጋክስ በኢንሹራንስ ሲሠራ የቆየ፣ ከዚያም በቤቱ ምድር ቤት ጫማ እየጠገነ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነበር። ጨዋታው ተጫዋቾች በንግግር ታሪክ የሚፈጥሩበት አዲስ ዘውግ ከፈተ። ሆኖም ስምና ድርሻ በግልጽ ውል ስላልታሰሩ አርነሰን በ1979 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1981 በስምምነት አልቆ የጋራ ፈጣሪነቱ ጸና። ጋይጋክስም በ1985 ከመሠረተው ኩባንያ ሥልጣን ወረደ። አሜሪካ ውስጥ ጨዋታው እጅግ ሲያድግ ፈጣሪዎቹ በኩባንያ ውስጥ ተቀጣሪ ወይም ተከራካሪ ሆነው ቀሩ። ምስክር የሚሆን የሙያ ማኅበር ገና አልነበረምና የስማቸው ነገር በክስ የሚታይ ሆነ።

ከ1978 እስከ 1991፦ የቢራ ካርቶኑ ፊርማ

ወሳኙ ለውጥ የመጣው ከምዕራብ ጀርመን ነው። በ1978 በጋዜጣና በመጽሔት ስለ ጨዋታ የሚጽፉ ተቺዎች ተሰብስበው “የዓመቱ ጨዋታ” የተባለ ሽልማት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያውን ሽልማት በ1979 የእንግሊዛዊው ዴቪድ ፓርሌት “ጥንቸሏና ኤሊዋ” አገኘ። ዳኞቹ አሳታሚም ነጋዴም አይደሉም። ሽልማቱ ገንዘብ የለበትም፤ ቀይ ጠጠር የተሳለበት አርማ ግን በሳጥኑ ላይ ሲለጠፍ ጥቂት ሺህ ይሸጥ የነበረውን ጨዋታ በመቶ ሺህዎች እንዲሸጥ ያደርገዋል። በ1983 በኤሰን ከተማ አሳታሚውና ተጫዋቹ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ዓመታዊ የጨዋታ ትርዒት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት በጎቲንገን የጨዋታ ፈጣሪዎች ስብሰባ ተከፈተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቺ፣ ገበያና የባለሙያ ጉባኤ በአንድ አገር ተገናኙ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በጨዋታ ሳጥን ላይ ግን ስም የወጣው በሰው ትግል ነው። ብዙ አሳታሚዎች በዚያን ጊዜም የፈጣሪውን ስም በሳጥኑ ላይ አያወጡም ነበር፤ ገዥው የሚያምነው የኩባንያውን አርማ ነው ይሉ ነበር። በ1988 በኑረምበርግ የመጫወቻ ዕቃዎች ትርዒት ወቅት 13 ፈጣሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የቢራ ብርጭቆ በሚቀመጥባት ክብ ካርቶን ላይ አንድ ቃል ጽፈው ፈረሙ። ቃሉ፣ ስማችን በሳጥኑ ክዳን ላይ ካልሰፈረ ከእኛ ማንም ለአሳታሚ ጨዋታ አይሰጥም የሚል ነው። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ የጎቲንገኑ የጂኦሎጂ ባለሙያና የጨዋታ ፈጣሪ ራይንሆልት ቪቲሽ ነበር። በ1991 ይህ ስምምነት አድጎ የጨዋታ ደራስያን ማኅበር ሆነ። ቃሉን እናስተውል፤ ፈጣሪ ወይም ነዳፊ አላሉም፤ ጀርመኖቹ ራሳቸውን የጠሩት ደራሲ ብለው ነው። ጨዋታ እንደ መጽሐፍ የሚደረስ ሥራ ነው፤ ደራሲም ስሙ በሽፋኑ ላይ ይጻፋል ማለታቸው ነበር።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ተቃውሞ ይመጣል። የቅጂ መብት የጨዋታን ሕግ ራሱን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈበትን ቃልና የተሳለበትን ሥዕል ነው። ሐሳቡን ማንም ሊወስደው ከቻለ በክዳኑ ላይ ያለ ስም ከክብር በቀር ምን ይጠቅማል? ለዚህ የቮልፍጋንግ ክራመር ሥራ መልስ ይሰጣል። የሽቱትጋርቱ ክራመር በ1980ዎቹ ነጥብ በወረቀት ከመመዝገብ ይልቅ በሰሌዳው ጠርዝ ዙሪያ ቁጥር የተጻፈባቸው ካሬዎች አኑሮ የተጫዋቾች ጠጠር እንዲራመድባቸው አደረገ። ዛሬ ይህ ዘዴ በሺህ በሚቆጠሩ ጨዋታዎች ላይ አለ፤ ማንም ለክራመር አይከፍልም። ነገር ግን በጀርመን ዘዴው የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። አሳታሚ አዲስ ሥራ ሲፈልግ በሩን የሚያንኳኳው ዘዴውን ከቀዱት ዘንድ ሳይሆን ዘዴውን ካሰበው ሰው ዘንድ ነው። ሕግ ሐሳብን የማያጥር በመሆኑ ነው ስም ይበልጥ የሚያስፈልገው፤ የተወሰደው ሐሳብ ሁሉ ወደ ምንጩ የሚያመለክት ምልክት ይሆናልና። ክራመር በ1989 መደበኛ ሥራውን ተወ፤ አምስት ጊዜም የዓመቱን ጨዋታ ሽልማት አገኘ።

ከ1995 እስከ 2008፦ ሙያው በእግሩ የቆመበት ጊዜ

ክላውስ ቶይበር በዳርምሽታት አቅራቢያ የጥርስ ቴክኒሻን ነበር። ከላቦራቶሪው ሲመለስ በቤቱ ምድር ቤት እየሠራ ለባለቤቱና ለልጆቹ የሚያስሞክራቸው ጨዋታዎች በ1988፣ በ1990 እና በ1991 የዓመቱን ጨዋታ ሽልማት አስገኙለት። ሦስት ጊዜ ተሸልሞ እንኳ ከላቦራቶሪው አልወጣም። በ1995 “ካታን” ወጣ። ተጫዋቾች በአንድ ደሴት ላይ መንደርና መንገድ ይሠራሉ፤ እንጨት፣ ጡብ፣ በግ፣ ስንዴና ማዕድን ይለዋወጣሉ። ማንም ከመሐል ተሸንፎ አይወጣም፤ በሌላው ተራም እንኳ ዳይሱ ሲወድቅ ለሁሉም ሀብት ሊደርስ ይችላል፤ ያለ ድርድርም ማሸነፍ ይከብዳል። ሞኖፖሊ ሌላውን በማክሰር ሲያልቅ ካታን ከሌላው ጋር በመነገድ ይገሰግሳል። ቶይበር ላቦራቶሪውን የተወው ካታን ከወጣ ከዓመታት በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2023 ሲያርፍ ጨዋታው ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ ነበር፤ የፈጠራው መብትም በቤተሰቡ ኩባንያ እጅ ነው። ማጊ በ500 ዶላር የተነጠቀችውን ቶይበር ለልጆቹ አወረሰ።

ራይነር ክኒዚያ ሌላውን የሙያ መንገድ ያሳያል። በኡልም ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘው ክኒዚያ በባንክ ዘርፍ ሲሠራ ቆይቶ በ1997 ሙሉ በሙሉ ወደ ጨዋታ ገባ፤ ከ600 በላይ ጨዋታዎችንም አሳትሟል። ቶይበር በአንድ ታላቅ ሥራ ሲቆም ክኒዚያ የቆመው በብዛትና በማያቋርጥ ትጋት ነው። ለደራሲ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አሳታሚው በጅምላ ሸጦ ከሚያገኘው ከመቶ 5 እስከ 10 ገደማ ነው፤ በዚህ ስሌት አንድ መካከለኛ ጨዋታ ቤት አያስተዳድርም። ብዙ ጨዋታ በብዙ ቋንቋ ሲወጣ ግን ትንንሾቹ ጅረቶች ተገናኝተው ወንዝ ይሆናሉ። ለዚህም አሳታሚዎች ሁሉ የሚያውቁት ስም ያስፈልጋል።

በአሜሪካ በኩል ሒሳብ ያጠናው ሪቻርድ ጋርፊልድ በ1993 “ማጂክ”ን አወጣ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ካርዶች እየሰበሰበ የራሱን ክምር የሚያዘጋጅበት አዲስ ዘውግ ነበር። ሆኖም የአሜሪካ ገበያ በአንድ ግዙፍ ኩባንያ እጅ እየተጠቀለለ ሄደ፤ ሃዝብሮ በ1984 ሚልተን ብራድሊን፣ በ1991 ፓርከር ብራዘርስን፣ በ1999 የማጂክን አሳታሚ ገዛ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአታሚዎች ስም የተጀመረው ታሪክ በዚያ አገር በአንድ አርማ ሥር ተሰበሰበ፤ በጀርመን ግን በደራስያን ስም ተበተነ። የሁለቱ አገሮች ልዩነት የማሽን ወይም የብልሃት ልዩነት አይደለም። አንደኛው ለፈጣሪው ምስክር የሚሆን ተቋም ቀደም ብሎ ሠርቷል፤ ሌላው ዘግይቷል።

ከ2009 ወዲህ፦ ያለ አሳታሚ መቆም

በ2009 የተከፈተው ኪክስታርተር ሌላ በር ከፈተ፤ ፈጣሪ የሳጥኑን ንድፍ አሳይቶ ገንዘቡን ከተጫዋቾች አስቀድሞ ይሰበስባል። በ2015 “ኤክስፕሎዲንግ ኪተንስ” የተባለው የካርድ ጨዋታ ከ219,000 በላይ ደጋፊዎች 8.7 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ፊዚክስ ያጠናው አይዛክ ቺልድረስ በዚያው ዓመት በዚሁ መንገድ “ግሉምሄቨን”ን ጀመረ፤ በ2020 ለተከታዩ ጨዋታው 13 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተሰጠው። ሰዎች ገና ላልታተመ ሥራ ገንዘብ የሚሰጡት ለማን ነው? ቀድሞ በሠራው ለሚያውቁት ስም ነው። አዲሱ መንገድ የስምን ዋጋ ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም። ፈጣሪውንም ነጋዴ፣ አስመጪና የሒሳብ ሠራተኛ አድርጎታል፤ ብራድሊና ፓርከር ወደነበሩበት ቦታ መልሶታል ማለት ይቻላል።

ኤልዛቤት ሃርግሬቭ በጤና ፖሊሲ ጉዳይ የምትሠራ የሜሪላንድ ነዋሪ ነበረች። ጨዋታዎች ሁሉ በቤተ መንግሥት፣ በጦርነትና በንግድ ላይ ለምን ይሠራሉ ብላ ስለምትወዳቸው ወፎች አንድ ጨዋታ ሠራች፤ በ2019 የወጣው “ዊንግስፓን” እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ የተጻፈባቸው 170 የወፍ ካርዶች አሉት። በዚያው ዓመት የጀርመን ተቺዎች ልምድ ላላቸው ተጫዋቾች ጨዋታ የሚሰጡትን ሽልማት አገኘች። ስሟ በሳጥኑ ክዳን ላይ አለ። በአፍሪካም በናይጄሪያ ኬኔቹኩ ኦግቡዋጉ ኒብካርድ የተባለውን የጨዋታ ድርጅት መሥርቶ፣ የአፍሪካ ጨዋታ ፈጣሪዎች የሚገናኙበት ጉባኤ አቋቁሟል። እርሱም የጀመረው ጀርመኖቹ በጀመሩበት ነው፤ ሠሪው ከሠሪው ጋር ይተዋወቅ፣ ሥራው ይታይ፣ ስሙ ይጠራ በማለት።

የመጨረሻው ተቃውሞ እውነት አለበት። ዛሬም በዓለም ላይ ከጨዋታ ድርሰት ብቻ የሚኖሩ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ቀን ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ይህ ግን የሥነ ጽሑፍም የሙዚቃም እውነት ነው፤ ማንም በዚህ ምክንያት ድርሰት ሙያ አይደለም አይልም። ሙያ የሚባለው ሁሉ የሚበለጽግበት ሳይሆን የተጋ ሰው ሥራው በስሙ እየተጠራ ወደሚቀጥለው ሥራ ሊሸጋገር የሚችልበት መስመር ነው። ያ መስመር በ1940 አልነበረም፤ ዛሬ አለ።

ለእኛም ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 የጨዋታ ዕቅዶችን፣ ሕጎችንና ዘዴዎችን ፓተንት ከሚሰጣቸው ነገሮች ውጭ አድርጓል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410ም የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ተቀምጦ አዲስ ጨዋታ የሚሠራ ወጣት የቆመው እነዚያ 13 ሰዎች በቆሙበት መሬት ላይ ነው፤ የጨዋታው ሕግ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የእርሱ የሚሆነው የጻፈው፣ የሳለውና ስሙ ነው። ጨዋታ የምትሠሩ ስማችሁን ከመጀመሪያዋ የሙከራ ካርቶን ጀምሮ ጻፉ፤ አብሯችሁ የሠራውንም ስም ከጎኑ ጻፉ። የምታትሙ ክዳኑ ላይ ቦታ ተዉለት። የምትጽፉና የምታስተምሩም ስለ አንድ ጨዋታ ስትናገሩ የደራሲውን ስም አትዝለሉ። ሊዚ ማጊ ሙያዋን በገዛ ቃሏ ተናግራ ነበር፤ ያጣችው አጠገቧ ቆሞ አዎ የሚል ምስክር ነው።